የሳል ምስክርነት

ቬፕ፣ ማለት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ መሳብ የጀመረ ወጣት ብዙ ጊዜ «ልተወው ወይስ ልቀጥል?» ብሎ አይጠይቅም። ጉሮሮው ይከረክረዋል፣ አፉ ይደርቃል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ሆዱን ያቅለሸልሸዋል፣ አንዳንዴም ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታበታል። የሚጠይቀው «ይህ ነገር እንዲቀርልኝ ምን ላድርግ?» ብሎ ነው። መልሱንም ከጓደኛ፣ ከሻጭ ወይም ከስልኩ ያገኘዋል፤ ውኃ ጠጣበት፣ ኒኮቲኑ ቀለል ያለውን ግዛ፣ ፈሳሹን ቀይር፣ ሜንታ ያለበትን ሞክር፣ ጥቂት ቀን ቻለው፣ ትለምደዋለህ ይሉታል። ምክሮቹ ለየብቻቸው ሲታዩ የክፋት መልክ የላቸውም። እኔን የሚያሳስበኝ ከምክሮቹ በፊት ያለው ጥያቄ ነው። ሰውነት እምቢ ሲል ምን እያለ ነው? ፈጣሪ በሰው ላይ ካኖራቸው ጠባቂዎች አንዱ እየተናገረ ነው ወይስ እንደ ማንኛውም ጊዜያዊ እንግልት ታልፎ የሚሄድ ነገር ነው? ሳሉ ምን እንዳለ ሳይሰሙ ሳሉን ዝም ማሰኘትስ ተገቢ ነው ወይ? እኔ የምከራከረው ሕመም ዳኛ ባይሆንም ምስክር ነው ብዬ ነው፤ ለምስክር ቃሉን ሳይሰሙ አፍ ማስያዣ መክፈል ደግሞ በገዛ ራስ ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

ጥያቄውን ከደብረ ኤልያስ ሆኖ መመርመር ይቻላል፤ እንዲያውም ይገባል። ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ ያለችው ይህች የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ስሟ የሚነሣው በቅኔ ቤቷ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ እርሷ ናት፤ በቢቸናና በሞጣ በኩል ያሉት ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅም አብረው ይቆጠራሉ። በእነዚህ ደብሮች ተማሪው ቁራሽ ለምኖ፣ ቆሎ ቆርጥሞ የሚማረው አንድን ነገር በመጀመሪያ በታየው ፍቺ ብቻ ላለመዝጋት ነው። ቬፕ ለከተማዋ የሩቅ ነገር ነው፤ በአገራችን ይበልጥ የሚታየው በአዲስ አበባ ነው። ነገር ግን የደብረ ኤልያስ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ አዲስ አበባ ወርዶ ሥራ ይፈልጋል፣ ዐረብ አገርና አሜሪካ ዘመድ አለው። ትምባሆም ለጎጃም ባዳ አይደለም፤ ሱረቱም ጋያውም ከጥንት ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ያህል ነበሩ። ከብዙ አገሮች ጋር ሲተያይ ይህ ዝቅተኛ ቁጥር ነው፤ ለዝቅተኛነቱም ሃይማኖት ድርሻ እንዳለው አምናለሁ። መመርመር ያለበት ያ ድርሻ ቆሞ የኖረበት ክርክር ነው፤ አዲሱን ዕቃ ሊሸከም የሚችለው በዚያው ልክ ነውና።

በሕዝብ ዘንድ የታወቀው ክርክር እርግማን ነው። ትምባሆ ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር በቀለ ይባላል። ይህን ትረካ የቀደሙ ሰዎች ለልጆቻቸው የነገሩት በበጎ ልብ ነው፤ እንደ ታሪክ ግን አይቆምም። አርዮስ የሞተው እ.ኤ.አ. በ336 ነው፤ ትምባሆ ደግሞ የአሜሪካ ምድር ተክል በመሆኑ ወደ እኛው ዓለም የተሻገረው ከኮሎምበስ የ1492 ጉዞ በኋላ ነው። ፍትሐ ነገሥትም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ የተጠናቀረ መጽሐፍ ስለሆነ ትምባሆን በስሙ ሊያወግዝ አይችልም። ስልክ የያዘ ወጣት ይህን በአንድ ደቂቃ ይደርስበታል፤ ትረካውን ሲጥል ደግሞ ትረካው የተሸከመውን ትእዛዝ አብሮ ይጥላል። ሁለተኛው ክርክር ቅጣት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያጨሰ ሰው ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። የንጉሡን ቅንዓት አልጠራጠርም። ነገር ግን የዚያ ሰው አፍንጫ ከንጉሡ በፊት በማስነጠስ፣ ጉሮሮውም በሳል እምቢ ብሎ ነበር፤ ምላጩ ያረፈው አስቀድሞ በተቃወመው አካል ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቅጣት መደበቅን ያስተምር እንደሆነ እንጂ ራስን መስማትን አያስተምርም።

ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር። ኒኮቲን የትምባሆ ተክል ራሱን ከተባይ የሚከላከልበት መርዝ ነው። ተክሉ በሥሩ ሠርቶ ወደ ቅጠሉ ይልከዋል፤ ነፍሳት ቅጠሉን መብላት ሲጀምሩ ደግሞ ይጨምረዋል። ሰውም ለተባይ ማጥፊያነት ረጅም ዘመን ተጠቅሞበታል። እርጥብ የትምባሆ ቅጠል የሚለቅሙ ሠራተኞች ሳያጨሱ፣ በቆዳቸው በገባው ኒኮቲን ብቻ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ራሳቸውን ያዞራቸዋል። ሰው በሳበው ጊዜ ኒኮቲኑ በሰኮንዶች ውስጥ አንጎል ይደርስና አሴቲልኮሊን ለተባለው የሰውነት መልእክተኛ የተዘጋጁትን መቀበያዎች ይይዛል፤ ማቅለሽለሹም፣ የልብ ምት መፍጠኑም ከዚያ ይነሣል። ኒኮቲኑን ተሸክመው የሚሄዱት ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ደግሞ ውኃ የሚስቡ ፈሳሾች በመሆናቸው አፍና ጉሮሮን ያደርቃሉ። ጀማሪውን የሚያንገላታው ነገር እንግዲህ ከዋናው ተለይቶ በጎን የመጣ አደጋ አይደለም። ሰውነት መርዝን መርዝ መሆኑን ማወቁ ነው። ይህ ዕውቀት ያልተማረውም፣ ያልተጠመቀውም፣ ሕፃኑም ያለው ዕውቀት ነው፤ ከየትኛውም ደብር ስብከት በፊት በሥጋ ላይ የተጻፈ ነው።

የትምባሆ ኢንዱስትሪ ታሪክ በአንድ በኩል ሲታይ ይህን ጽሑፍ የመፋቅ ታሪክ ነው። የጥንቱ ትምባሆ ጢሱ ጉሮሮን የሚያቃጥል ስለነበር ብዙ አጫሾች አፋቸው ውስጥ ይዘው ይተፉት እንጂ እስከ ሳንባ አይስቡትም ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ካሮላይና ቅጠሉን በሙቅ አየር የማድረቅ ዘዴ ሲስፋፋ ጢሱ ለሰለሰ፤ ሰው ያለ ብዙ ሳል ወደ ሳንባው ሊያወርደው ቻለ፤ ለሳንባ ካንሰር መብዛት በሩ የተከፈተው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጉሮሮን የሚያቀዘቅዘው ሜንቶል ሲጋራ ውስጥ ገባ። ጋያና ሺሻም ጢሱን በውኃ ውስጥ አሳልፈው ያበርዱታል፤ ጢሱ ስለበረደ ጉዳቱ የታጠበ ይመስላል፣ አልታጠበም። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች ኒኮቲናቸው ከፍ ሲል ጉሮሮን ስለሚያንገበግቡ ሰው ብዙ አይስብባቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ የቀረበው ጁል ኒኮቲኑን ከቤንዞይክ አሲድ ጋር አዋህዶ ጨው አደረገው፤ በዚህም የተነሣ በአሜሪካ 5 በመቶ ኒኮቲን ያለው ፈሳሽ ያለ ብዙ መከርከር የሚሳብ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት የፈቀደው ጣሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም፣ ማለት 2 በመቶ ያህል ነው። ወጣቱ ከጓደኛው የሚሰማውና ፋብሪካው በቤተ ሙከራ የሚሠራው አንድ ዓይነት ምክር ነው፤ መርዙ ይቆይ፣ ምስክሩ ዝም ይበል። ፋብሪካው ግን ሥራውን የሚያውቀው ከወጣቱ ይበልጣል፤ ነቀፋዬም በመጀመሪያ ወደ እርሱ ነው።

እዚህ ላይ የቅኔ ቤት ሰው ዝም ብሎ አያሳልፈኝም። «ኮሶስ?» ይለኛል። እውነት ነው፤ አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ የሚያመጣባቸውን የኮሶ ትል ለማስወጣት በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጡ ነበር። ኮሶ መራራ ነው፣ ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያገለብጣል፤ የሚጠጣው ሰው ፊቱ ሲጨማደድ ያየ ሁሉ ያውቃል። በሕመም ቃል ብቻ የምንፈርድ ከሆነ ኮሶ መርዝ፣ ለስላሳው ቬፕ መድኃኒት ሊባል ነው። ጾምም እንዲሁ ነው፤ በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ቀናት ራስ ያማል፣ ጉልበት ይዝላል። ዘርዐ ያዕቆብ በሚባለው ፈላስፋ ስም የሚታወቀው «ሐተታ» የደራሲው ማንነት እስከ ዛሬ ቢያከራክርም ይህን ሐሳብ እስከ ጫፉ ወስዶታል፤ ልቡና የፈጣሪን ፈቃድ ከተፈጥሮ ሥርዓት ማንበብ ይችላል ብሎ፣ የጾምን ሕግ ሳይቀር ከዚህ ተነሥቶ ነቅፏል። እኔ እዚያ ድረስ አልከተለውም፤ የማልከተለውም ምስክርን ከዳኛ ስለምለይ ነው። ምስክር የሚናገረው ያየውን ነው። የኮሶ ማቅለሽለሽ «ከባድ ነገር ገብቷል» ይላል፣ እውነቱን ነው፤ ኮሶ መጠኑ ሲበዛ ሰውን ይጎዳል። ፍርዱ የሚሰጠው ግን ሌላ ነገር ሲጠየቅ ነው፤ ይህ እንግልት ወዴት ይወስዳል? የኮሶ ጠጪ ትሉ ሲወጣለት ኮሶውን ይረሳዋል፤ ማንም ሁለተኛውን ቀን ኮሶ ኮሶ አላለውም። ጿሚው በፋሲካ ይገድፋል። የቬፕ ጀማሪ ግን እንግልቱን በቻለው መጠን የሚያገኘው ነገር ሌላ ቬፕ ነው። ሲለምደው ማቅለሽለሹ ይቀራል፣ ነጻነቱም አብሮ ይቀራል። ጳውሎስ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 6 የተፈቀደን ነገር ከሚጠቅም ነገር የሚለይበት መመዘኛም ይኸው ነው፤ ሰው የሚጠቀምበት ነገር መልሶ ይገዛው እንደሆነ ይጠይቃል። ፍትሐ ነገሥት ያልጻፈውን ትምባሆ ለመመርመር የአርዮስ መቃብር አያስፈልግም፤ ይህ ጥያቄ ይበቃል።

ምስክሩ ሁሉን እንደማያይም መናገር አለብኝ፤ ክርክሬ ደካማ የሚመስለው እዚህ ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ቬፕ የሚጠቀሙ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወጣቶች፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ እያሳላቸውና እያስመለሳቸው ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ታመው 68 ሞተው ነበር። ዋናው ተጠያቂ ሆኖ የተገኘው የካናቢስ ንጥረ ነገር ባለባቸው ከመደበኛ ገበያ ውጭ በተሸጡ ፈሳሾች ውስጥ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዓይነት ነው። ቫይታሚን ኢ ሲዋጥ ወይም ቆዳ ሲቀባ ችግር አይሆንም፤ ሳንባ ሲገባ ገደለ። በዚያው አገር በፈንዲሻ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች የቅቤ ጣዕም የሚሰጠውን ዳያሴቲል በመተንፈሳቸው የማይመለስ የሳንባ ሕመም እንደያዛቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ታውቆ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የሃርቫርድ ጥናት ከመረመራቸው 51 የቬፕ ጣዕሞች በ39ኙ ይህንኑ ዳያሴቲልን አግኝቷል። ለምግብነት ደኅና የተባለ ነገር ለእስትንፋስ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሆድ ለሚበላው ነገር ብዙ በር አለው፤ ምላስ ይቀምሳል፣ አፍንጫ ያሸታል፣ ጨጓራ ይመልሳል፣ ጉበት ያጣራል። የሳንባ ዋናው የሚሰማ ጠባቂ ሳል ነው። ዘፍጥረት ሰው ሕያው የሆነበትን ነገር እስትንፋስ ይለዋልና በዚህ በር ላይ የሚጮኸው ዋናው ዘበኛ ሳል መሆኑ ያንን ዘበኛ ማስተኛትን ይበልጥ ከባድ ያደርገዋል። ጣፋጩና የማያስለው ጢስ ንጹሕ መሆኑ የተመሰከረለት አይደለም፤ ምስክሩ ሳይጠራ የቀረበት ነው።

ከዚህ የሚከብደው ግን ምስክሩ ሁለት ጊዜ መናገሩ ነው። ሲጀምር እምቢ ያለው ሰውነት ሲተው ደግሞ «መልስልኝ» ይላል። ቬፕ ያቆመ ሰው ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ልቡ አንድ ነገር ላይ አያርፍለትም፣ ይርበዋል፣ ይከፋዋል። ይህም ሕመም ነው፤ ይህም የሥጋ ቃል ነው። የመጀመሪያውን ሳል አምነን ይህን የማናምንበት ምክንያት ምንድን ነው? በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ከአራቱ ጉባኤያት አንዱ የሆነው የመጻሕፍተ መነኮሳት ጉባኤ፣ ማለት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ በዚህ ጉዳይ ከብዙ ዘመናዊ መጽሐፍ የጠለቀ ነገር አለው። ማር ይስሐቅ ፍትወታት የነፍስ ተፈጥሮ እንዳልሆኑ፣ በኋላ የገቡባት እንግዶች እንደሆኑ ያስተምራል። የባሕርይ ድምፅና የልማድ ድምፅ ለሰሚው አንድ ይመስላሉ፤ የሚለዩት በመነሻቸው ነው። የፋርማኮሎጂ ሊቃውንትም በሌላ መንገድ ተጉዘው እዚያው ይደርሳሉ። ኒኮቲን ሲደጋገም በአንጎል ያሉት መቀበያዎች ይደነዝዛሉ፣ ቁጥራቸውም ይጨምራል፤ ኒኮቲኑ ሲጠፋ የሚጮኹት እነዚያ የተጨመሩት ናቸው። የመጀመሪያው ሳል መርዝ ላልለመደ ለማንኛውም ሰው ይመጣል፤ የኋላው ጩኸት ግን መርዙ ራሱ በሠራው ሰው ላይ ብቻ ይመጣል። ሁለተኛው ቃል በጉቦ የተገዛ ምስክር ቃል ነው። ደግነቱ ጉቦው ሲቋረጥ ቃሉ ይለወጣል፤ ጩኸቱ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይጠናል፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ በአብዛኛው ይረግባል። የባሕርይ ፍላጎት እንዲህ አያደርግም፤ ምግብ ያጣ ሰውነት በአራተኛውም ሳምንት ምግብ ያስፈልገዋል።

ሌላው ተቃውሞ ከሕክምና ወገን ይመጣል፤ ክብደቱንም አልክድም። ዛሬ የምናውቀውን ቬፕ እ.ኤ.አ. በ2003 የፈጠረው ቻይናዊው የመድኃኒት ባለሙያ ሆን ሊክ ነው፤ እርሱ ራሱ አጫሽ ነበር፣ አባቱም አጫሽ ሆነው በሳንባ ካንሰር ሞተዋል። ሲጋራ ሲነድ የሚወጣው ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ በቬፕ ውስጥ የለም ወይም እጅግ ያነሰ ነው። ትምባሆ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን ሰው በላይ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር በተደረገ ጥናት በቬፕ ተረድተው ለማቆም ከሞከሩት ከዓመት በኋላ ከሲጋራ ነጻ ሆነው የተገኙት 18 በመቶ ሲሆኑ፣ በኒኮቲን ማስቲካ፣ በፕላስተርና በመሳሰለው ከሞከሩት 9.9 በመቶ ናቸው። ለሠላሳ ዓመት ሲጋራ ላጨሰ፣ ሌላው ሁሉ ላልረዳው ሰው ይህ ልዩነት የሕይወት ልዩነት ነው፤ ጉሮሮውን የሚከረክረውንም እንግልት እንደ ኮሶ ሊችለው ይችላል፤ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃልና። ያው ጥናት ግን ሌላም ነገር ይዟል። ሲጋራ ካቆሙት መካከል በዓመቱ መጨረሻ በቬፕ ከተረዱት 80 በመቶው አሁንም ቬፑን ይስቡ ነበር፤ በማስቲካና በፕላስተር ከተረዱት ግን የተሰጣቸውን ነገር ሳይተዉ የቀሩት 9 በመቶ ናቸው። መድኃኒቱ ራሱ ጌታ ሆነ። ይህ የአጫሹ ምርጫ ከሁለት ጌቶች የሚያንሰውን መምረጥ ነው፤ ያሳዝነኛል እንጂ አልነቅፈውም። ሲጋራ ነክቶ የማያውቀው የሃያ ዓመት ልጅ ግን በዚህ ክርክር ሊጠለል አይችልም። እርሱ ከከፋው ወደ ተሻለው አልሄደም፤ ካለመሳብ ወደ መሳብ ነው የሄደው።

የሚቀጥለው ጥያቄ ከቤተ መቅደስ ይነሣል። ዕጣኑስ? የማዕድ ቤቱ ጢስስ? ይህን ጥያቄ እንደ ማምለጫ የሚያነሡት አሉ፤ እኔ ግን በቅንነት መመለስ ያለበት ነው እላለሁ። ዕጣን የሚታጠነው ለጸሎት ነው፤ ማንም አስቦ ወደ ሳንባው አይስበውም፣ ሱስም አያሲዝም። ቢሆንም በጠባብና መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ የሚጨስ ማንኛውም ነገር ሳንባን ይጎዳል፤ የተቀደሰ ዓላማ የጢስን ባሕርይ አይለውጥም። የማዕድ ቤቱ ነገር ደግሞ ከዕጣኑ እጅግ ይከፋል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በቤት ውስጥ በሚነድ እንጨት፣ ኩበትና ከሰል የተነሣ በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 የሞቱት ሰዎች 3.2 ሚሊዮን ናቸው። በጎጃም ገጠር እንጀራ የምትጋግር እናት ዓይኗ የሚያለቅሰው፣ የሚያስላት ለዚያ ነው፤ ልጅዋን አዝላ ስትጋግር ልጁም ያስለዋል። ክርክሬ ምስክሩ ይሰማ የሚል ከሆነ የእርሷን ሳል ሳልሰማ የተማሪውን ሳል ብቻ ልሰማ አልችልም። ልዩነቱ እርሷ የሳሏን አፍ ያላስያዘች፣ ሌላ ማገዶና ሌላ ምድጃ ያጣች መሆኗ ነው። በዚህ ጉዳይ የሚፈረደው ፍርድ በእርሷ ላይ ሳይሆን ጢሱን አይተን «ባልትና ነው» ብለን ባለፍነው ላይ ነው።

ሕግ ጉዳዩን ጨርሶታል የሚል ሰውም አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራና ሺሻ እንዳይመረቱ፣ ወደ አገር እንዳይገቡ፣ እንዳይሸጡ ከልክሏል፤ ትምባሆ ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው እንዳይሸጥም አዝዟል። ሕጉን እደግፈዋለሁ። ይሁን እንጂ ሕግ ሻጩን እንጂ ጥያቄውን አያግድም፤ በድብቅ የተገዛው ፈሳሽ ደግሞ በውስጡ ስንት ኒኮቲን፣ ምን ጣዕም፣ ምን ዘይት እንዳለው የሚቆጣጠር ስለሌለ ለተጠቃሚው የሚቀረው መለኪያ የገዛ ሰውነቱ ብቻ ነው። «ሰውነቴ የእኔ ነው፣ ምን አገባችሁ?» ለሚለውም መልሱ ከዚሁ ይወጣል። እሺ፣ ያንተ ነው፤ ታዲያ ባለቤት ከሆንክ ንብረትህ ሲናገር የማትሰማው ለምንድን ነው? ስለ ነጻነት የሚከራከር ሰው በመጀመሪያ እምቢ የማለት ነጻነቱን መጠበቅ ነበረበት፤ ኒኮቲን የሚወስደው በትክክል እርሱን ነው።

ከመንፈሳዊ ወገን የሚመጣው የመጨረሻው ተቃውሞ ሥጋን መስማት ለሥጋ መገዛት ነው የሚል ነው። ደብረ ኤልያስ በስሙ የተጠራችለት ነቢይ ታሪክ ይህን ተቃውሞ ይመልሰዋል። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ በታች ተኝቶ ሞትን ለመነ። የተላከለት መልአክ ስለ እምነቱ ማነስ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ኤልያስ በልቶ ተመልሶ ሲተኛም ሁለተኛ መጣ፣ መንገዱ ሩቅ መሆኑን ነግሮ ዳግመኛ አበላው። በዚያ ምግብ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ሄደ። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። በሁለቱም ቦታ የሥጋ ድካም ተሰምቷል፤ ከተሰማ በኋላ ነው ለሥራ የተነሣው። ሥጋን ማድከምና ሥጋን አለመስማት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አባቶች ሥጋን ያደከሙት እያንዳንዱን እንቅስቃሴውን ከማንም በላይ እየሰሙ ነው።

ይህ ለንስሐ አባት ሥራ ይሰጣል። አንድ ወጣት መጥቶ ቬፕ እንደሚስብ ሲናገር «ርኩስ ነገር ነው፣ ተው» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው፤ ልጁ ግን ከእኛ ይልቅ የሚያውቀው ነገር አለ፤ መጀመሪያ ቀን ጉሮሮው ምን እንዳለው። እርሱን ይጠየቅ። መቼ ነው መከርከሩ የቀረልህ? እንዲቀር ምን አደረግህ? ከዚያ በኋላ መጠኑ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? እነዚህ ጥያቄዎች ኃፍረትን አይጨምሩም፤ ልጁ ራሱ በራሱ ላይ የሰጠውን ምስክርነት መልሶ እንዲሰማ ያደርጋሉ። ቀኖና ሲሰጥም የሱሱን ቀናት ማወቅ ይጠቅማል። ቬፑን ካቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ልጁን ብቻውን መተው አይገባም፤ ጥብቅ ጾም የሚታዘዝበት ጊዜም ያ አይደለም፤ ብስጭቱ ከክፋት ሳይሆን ከኒኮቲን መጉደል የመጣ ነውና ቤተ ሰቡም ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው። ደረቱን የሚወጋው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ደም የሚያስለው ከሆነ ምክሩ አንድ ነው፣ ጤና ጣቢያ ዛሬውኑ ይሂድ፤ ለባለሙያውም ምን ይስብ እንደነበር ሳይደብቅ ይንገረው፤ ከላይ ባነሣሁት የአሜሪካ ሕመም ጊዜ ሐኪሞች ከተቸገሩባቸው ነገሮች አንዱ ታማሚው ምን እንደሳበ አለማወቃቸው ነበር። ወድቆ ከተመለሰም ቁጣ አይጠብቀው። ብዙ ሰው ከኒኮቲን ነጻ የሚወጣው በመጀመሪያው ሙከራ አይደለም፤ ሁለተኛ የመጣውን ልጅ መጠየቅ ያለበትም በስንተኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት፣ ከማን ጋር ሳለ እንደከበደው ነው።